በሻሺቱ ስም የወጣው ጠመንጃ

ኦይታን ከርከሮ የወጋው በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሲገባ ነው። አርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው ላንቴ ሙዝና ስኳር ድንች የሚያለማ ሰው ከከርከሮ ጋር ሲታገል ነው የሚኖረው፤ ኦይታም ለዓመታት በጦርና በውሻ ሲያባርራቸው ኖሯል። የዚያን ዕለት ግን ያባረረው ትልቁ አውራ መሸሹን ትቶ ዞረበት። ጦሩ የከርከሮውን ጀርባ ጫር አድርጎ አለፈ። የአውራው ጥርስ የኦይታን ጭን ከጉልበቱ በላይ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተረተረው። ሚስቱ ሻሺቱ ጩኸቱን ሰምታ ስትደርስ፣ የሙዝ ግንድ ተደግፎ ተቀምጦ ደሙን በሁለት እጁ ሊያፍን ይታገል ነበር። ነጠላዋን ቀድዳ አሰረችለት። ሙዝ ሊጭን የመጣ አይሱዙ ለምነው አርባ ምንጭ ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሞቹ እግሩን አተረፉለት፤ ቤቱ ሲመለስ ግን ከአልጋው ወርዶ ደጅ ለመቀመጥ እንኳ ደግፎ የሚያወጣው ሰው ይፈልግ ነበር።

ከርከሮዎቹ እስኪድን አልጠበቁትም። ማለዳ ማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአባያ ሐይቅ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ጅራታቸውን ቀስረው እየወጡ፣ በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ስኳር ድንቹን ይገለብጡታል፤ የለጋ ሙዝ ሥር ቆፍረው ይጥላሉ። ሻሺቱ ጣሳ እየደበደበች ስትሮጥባቸው መጀመሪያ መጀመሪያ ይሸሹ ነበር። ኋላ ኋላ ቀና ብለው ያዩዋትና ወደ ቁፋሯቸው ይመለሳሉ። ያ አውራም አብሯቸው አለ።

ቀበሌው ነገሩን አይቶ፣ የወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያም ተስማምቶበት፣ ቤተሰቡ ሰብሉን የሚጠብቅበት አንድ የአደን ጠመንጃ እንዲይዝ ተፈቀደለት። ችግሩ በማን ስም ይውጣ የሚለው ነበር። ኦይታ ፖሊስ ጣቢያ መቅረብ አይችልም። ታላቅ ወንድሙ ኤርጫፎ «በእኔ ስም ይሁን» ብሎ ቢቀርብም ፖሊስ አልተቀበለውም። ምክንያቱን ላንቴ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ኤርጫፎ ከበላዩ ከሚያርሰው ከተክለሃይማኖት ጋር በውሃ ተጣልቷል። ቦዩ አንድ ነው፤ ውሃውም በተራ ነው። በኅዳር ወር፣ በኤርጫፎ ተራ፣ ተክለሃይማኖት ውሃውን ዘግቶ ወደ ራሱ ማሳ አዞረው። ኤርጫፎ ሊከፍት ሄደ። ተሰዳደቡ፤ ተያያዙ፤ በመጨረሻ ተክለሃይማኖት በአካፋው እጀታ አፉን መታው። ኤርጫፎ ሰው ሁሉ እያየው ጭቃው ውስጥ በጀርባው ወደቀ። የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። ከቆሙት መሃል አንዱ ሳቀ ይባላል። ማን እንደሳቀ ማንም አልተናገረም፤ ኤርጫፎ ግን ሰምቶታል።

ኤርጫፎ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያስቅ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲናገር አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ ብዙውን ጊዜም አይናገርም።

እናም ፈቃዱ በሻሺቱ ስም ወጣ።

«ስሙ ያንቺ ይሁን» አላት ኤርጫፎ፣ መዳፉ ከንፈሩ ላይ እንዳለ። «መሣሪያውን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

ሻሺቱ አልተከራከረችም። እውነቱን ነው፤ በሕይወቷ ጠመንጃ ነክታ አታውቅም። ደግሞም ለመሣሪያው መግዣ የተሸጠው በሬ ወንድማማቾቹ ከአባታቸው የወረሱት የጋራ ከብት ነው። ኤርጫፎ ደግሞ ለኦይታ ወንድም ብቻ አይደለም፤ አባታቸው ሲሞት ትከሻው ላይ ተሸክሞ ያሳደገው እሱ ነው።

ጠመንጃ የሚሸጠው ሰው ደጋው ላይ፣ ገረሴ ነበር የሚኖረው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ይባላሉ። በጉልምስናቸው ዘመን ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን እየመሩ በረሃ ለበረሃ ዞረዋል፤ አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው በፈቃድ የያዟቸውን መሣሪያዎች በሕጋዊ መንገድ ሊያስተላልፉ እንደሚፈልጉ ተሰምቷል። ሻሺቱና ኤርጫፎ በጥር አጋማሽ አርባ ምንጭ ላይ መኪና ቀይረው ወደ ገረሴ ወጡ። ከላንቴ ሙቀት የወጣ ሰው ገረሴ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያስበው ልብስ መደረቡን ነው። ጉም ከእንሰቱ ላይ ገና አልተነሣም ነበር።

ሽማግሌው ሁለቱን ሳሎናቸው አስቀመጡና ከውስጠኛው ክፍል ሦስት መሣሪያ አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ። አንዱ ረጅም ምንሽር ነው፤ እንጨቱ በብዛት ከመዳሰሱ የተነሣ ይብረቀረቃል። ሁለተኛው ዲሞትፈር የሚባል አጠር ያለ ጠመንጃ ነው። ሦስተኛው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ፣ ከወገቡ ተሰብሮ ጥይት የሚጎርስ፣ ጥይቱም ውስጡ ባቄላ የሚያህሉ ብዙ እርሳሶች የታጨቁበት ነው።

ኤርጫፎ ሌሎቹን ዞር ብሎም አላየ። ምንሽሩን አነሣ።

«የሚተኩሰው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ አቶ ሀብተጊዮርጊስ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች ሻሺቱ።

«ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ጥሩ። መጥፎ ልማድ የለሽም ማለት ነው።» ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። «ማሳሽ ዙሪያውን ምን አለ?»

ሻሺቱ አሰበች። «በታች ሐይቁ ነው። በላይ ቦዩ። በግራና በቀኝ የሰው ሙዝ ነው።»

«ሙዙ ውስጥ ሰው ይውላል?»

«ይውላል። ሴቶች ቅጠል ይለቅማሉ፤ ልጆች ያልፋሉ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጀማሪ ሁሉ ጠመንጃ ሲገዛ ‹ምን ይጥላል?› ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ደግሞ ‹ስትስት የት ያርፋል?› ነው የምለው። የዚህ ጥይት» ምንሽሩን በአገጫቸው አመለከቱ፣ «ከርከሮውን ወግቶት ያልፋል። ሙዝ አያቆመውም። የጎረቤትሽን ቤት ግድግዳ አልፎ ይሄዳል። የዚህኛው» እጃቸውን ባለ ሁለት አፈሙዙ ላይ አሳረፉ፣ «ቅርብ ነው የሚሠራው። ርቆ ከሄደ አቅም የለውም። አውሬው እስኪጠጋሽ መጠበቅ አለብሽ። ልብ ይጠይቃል። ግን ማዶ ያለ ሰው አይገድልብሽም።»

ሻሺቱ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ኤርጫፎ ላይ አረፈ። በመስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ምንሽሩን ትከሻው ላይ ደግኖ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወደ ውጭ እያነጣጠረ ነው። ከቤቱ በታች ባለው ገብስ ማሳ መሃል አንድ ሰውዬ ማገዶ ተሸክሞ ያዘግማል። ሰውዬው ሲራመድ አፈሙዙም ቀስ እያለ ይከተለዋል። ቆመ፤ አፈሙዙም ቆመ። ተንቀሳቀሰ፤ ተከተለው።

ከርከሮ ከሰው ጉልበት ብዙም አይበልጥም። ኤርጫፎ ያነጣጠረው ግን ደረት ላይ ነበር።

«ከቦዩ በላይ እስካለው ማንጎ ይደርሳል ይሄ?» ጠየቀ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ተነሡ። ለዚያ ጉልበታቸው ፈጠኑ። አፈሙዙን በመዳፋቸው ወደ ወለሉ ዝቅ አደረጉትና መሣሪያውን ከእጁ ወሰዱት። «እኔ ቤት ወደ ሰው አይደገንም» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ባዶ ነው እኮ» አለ ኤርጫፎ፣ አፉን ሸፍኖ።

«ባዶ መሆኑን አውቃለሁ።»

ሻሺቱ ማንጎውን አወቀችው። ከቦዩ በላይ ያለው ማንጎ የተክለሃይማኖት ማንጎ ነው። ከዚያ ወገን ከርከሮ መጥቶ አያውቅም።

ሽማግሌው «ትከሻዋን ልለካ» ብለው እሷን ብቻ ወደ ጓሮ ይዘዋት ወጡ። መሣሪያዎቹን ተራ በተራ አስያዟት። ምንሽሩ ሰደፉ ረዘመባት፤ ራሷን ካላንጋደደች ማነጣጠሪያው አይታያትም። ዲሞትፈሩ አጭር ነው፤ ሲተኮስ ግን እንደ በቅሎ እንደሚራገጥ ነገሯት። ባለ ሁለት አፈሙዙ ጉንጯና ትከሻዋ መሃል ገጠመ። እሳቸው ግን ስለ ትከሻዋ አልጠየቋትም።

«ልጄ፣ መሣሪያው ለምንድነው?»

«ለከርከሮ ነው አባባ።»

«ላንቺ ለከርከሮ መሆኑን አይቻለሁ። ለእሱስ?»

ሻሺቱ መሬት መሬቱን አየች። የባሏን ወንድም ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት ከበዳት። ሽማግሌውም መልስ አልጠበቁም።

«አልሸጥም ልላችሁ እችላለሁ» አሉ። «ግን የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ ያገኛል። ጠመንጃው በስምሽ ነው። በሱ የሚደረገው ሁሉ አንቺን ብሎ ይመጣል። ምረጪ።»

ሳሎን ሲመለሱ ባለ ሁለት አፈሙዙን አቅፋው ነበር።

«ይሄን ነው የምወስደው» አለች።

ኤርጫፎ ከወንበሩ ብድግ አለ። እጁ ከአፉ ላይ ወረደ፤ ባዶው ድዱ ታየ። «የወፍ መሣሪያ! የአባቴን በሬ ሸጬ የወፍ መሣሪያ? ሰው ይስቅብናል!»

«ትከሻዬ የሚችለው ይሄን ነው ጋሼ።»

«የምመርጠው እኔ ነኝ ብያለሁ!»

«ፈቃዱ በእኔ ስም ነው። እርስዎም ያውቃሉ።» መሣሪያውን አጥብቃ አቀፈችው። «የማልችለውን ይዤ ፖሊስ ፊት አልቆምም።»

ኤርጫፎ ረጅም ጊዜ አያት። ያወቀችበት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቀው። በሩን ከፍቶ ወጣ። ቁልቁል ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ሄዶ ተቀመጠ፤ እስከ አርባ ምንጭ ድረስ የእሱ ዓይን ማጅራቷን የሚነካት ይመስላት ነበር።

ስሙ ተዛውሮ፣ መሣሪያው ተመዝግቦ ላንቴ እንደገባ ሻሺቱ ሽማግሌው እንዳሏት አደረገች። ጆንያ በአፈር ሞልታ፣ ከኋላው ሐይቁና ባዶ ጭቃ ብቻ ባለበት ዳርቻ አቆመችው። ኤርጫፎም መጣ። ማንም አልጠራውም።

የመጀመሪያው ተኩስ ወደ ኋላ ገፍትሮ በመቀመጫዋ አስቀመጣት። ሰማይና ምድሩ ፉጨት ሆነባት። ተነሥታ እንደገና አጎረሰች። ሰደፉን አጥብቃ ትከሻዋ ላይ ተከለችና ተኮሰች። ከቅርብ ስትተኩስ ጆንያው ላይ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። ራቅ ብላ ስትተኩስ እርሳሶቹ ተበተኑ፤ ጥቂቱ ጆንያውን መታ፣ የቀረው በግራና በቀኙ ጭቃውን ቆፈረው። የተበተኑበት ቦታ ጠቅላላው የቤት በር ያህል ነበር።

ኤርጫፎ ተጎንብሶ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ነካካቸው። «ይሄ አይመርጥም» አለ። «ፊቱ ያለውን ሁሉ ነው የሚመታው።» ምራቁን ተፋና ሄደ።

በየማለዳው ሻሺቱ ስኳር ድንቹ ዳር፣ የወደቀ ሙዝ ተከልላ መቀመጥ ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን ተቻኮለች፤ ከርከሮዎቹ ገና ሩቅ ሳሉ ተኮሰችና ሁሉም ፈረጠጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ምላጩን መንካት ለራሷ ከለከለች። ከቁጥቋጦው እናቲቱና ግልገሎቹ ወጡ። ከነሱ ኋላ አውራው መጣ፤ የጦሩ ጠባሳ ጀርባው ላይ ይታያል። እየቆፈረ፣ እያንኮሻኮሸ፣ ወደ እሷ ተጠጋ። ተጠጋ። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ያ ጥርስ የባሏን ሥጋ የዘነጠለ ጥርስ ነው፤ ከሳተችው ሁለተኛው ጭን የእሷ ነው። የአፍንጫውን ጭቃ እስክታይ ድረስ ጠበቀች። አውራው ቀና አለ። ተያዩ። ተኮሰች።

ባለበት ተደፋ። እግሮቹ ጥቂት አየሩን ቆፍረው ቆሙ።

ኦይታ ከአልጋው ሆኖ ተኩሱን ሰምቶ እየጮኸ ስሟን ይጠራ ነበር። ገብታ «ወደቀ» ስትለው ግንባሯን ሳማት።

በየካቲት ፀሐዩ በረታ፤ ቦዩ ቀጠነ። ሻሺቱ አንድ ቀን ሙዝ ሸጣ ከመንገድ ዳሩ ገበያ ረፋዱ ላይ ስትመለስ፣ ቤት ገብታ ቀና ስትል መሣሪያው የሚሰቀልበት ማዕዘን ባዶ ነው።

«ጠመንጃው የት ነው?»

ኦይታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ኤርጫፎ ወሰደው። የከርከሮ ዱካ አየሁ አለ።»

«የት?»

«ቦዩ ጋ።»

«ጥይቱንስ?»

የጥይቱ ከረጢት ይቀመጥ የነበረው ከኦይታ ትራስ ሥር ነው። ሻሺቱም ሁለተኛ አልጠየቀችም። ጫማዋን ጥላ ሮጠች።

በሙዙ መሃል ስትሮጥ ደረቅ ቅጠል ፊቷን ይገርፋታል። ተኩስ እሰማለሁ ብላ እየጠበቀች ነው የምትሮጠው፤ በየርምጃው አሁን፣ አሁን እያለች። ከሙዙ ስትወጣ ቦዩ ፊት ለፊቷ ነው። ተክለሃይማኖት ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ደለል በአካፋ ያወጣል። ጀርባውን ሰጥቷል። ኤርጫፎ ደግሞ ከሙዙ ጥግ ወጥቷል። ከዚያ ሆኖ መተኮስ እንደማይጠቅመው ያውቃል፤ ጆንያውን አይቶታል። ስለዚህ የታረሰውን ባዶ ማሳ ቀጥ ብሎ፣ በግልጽ፣ እየተራመደ ያቋርጣል። ጠመንጃው በሁለት እጁ ነው።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች።

ተክለሃይማኖት ቀና ብሎ ዞረ። ኤርጫፎን አየ፤ መሣሪያውን አየ። አካፋውን ወደ ደረቱ አመጣው። መሸሻ የለውም፤ ከኋላው የቦዩ ግድግዳ ነው።

«ኤርጫፎ» አለ። ሌላ ቃል አልመጣለትም።

ኤርጫፎ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አወጣ። «እስኪ አሁን ሳቁ» አለ።

ሻሺቱ ሮጣ ኤርጫፎ ላይ መድረስ አትችልም፤ ሩቅ ነው። ቦዩ ግን ቅርቧ ነው። እንዴት እንደወሰነች ኋላ ብትጠየቅ መናገር አልቻለችም። እግሯ ወደ ቦዩ ወሰዳት። ውሃው ውስጥ ዘላ ገባች፤ ተንሸራታ በጉልበቷ ወደቀች፤ ተነሣች፤ ተክለሃይማኖት አጠገብ ሄዳ ትከሻ ለትከሻ ቆመች።

«ዞር በይ!» ጮኸ ኤርጫፎ።

«አልዞርም።»

«ሻሺቱ፣ ዞር በይ ብያለሁ!»

«ተኩስ» አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ እያለችው መሆኑን እሷም አላስተዋለችም። «ይሄ አይመርጥም ብለህ የለ? አንተው ነህ ያልከው። እሱን ስትመታ እኔንም ትመታለህ። ተኩስና ለኦይታ ሄደህ ንገረው።»

አፈሙዞቹ ከፊቷ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ሆነው ይታዩዋታል። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን እያለፈ ይወርዳል። አጠገቧ የቆመው ሰው ትንፋሹ እንደሮጠ ውሻ ቁና ቁና ይላል፤ ፍርሃቱ ይሸታታል። ይህን ሰው አትወደውም። ውሃ ሰርቋል፤ የባሏን ወንድም በሰው ፊት አዋርዷል። ለእሱ ብላ እንዳልሆነ ታውቃለች።

«ልጆቼ በቆሎውን እያዩት ደረቀባቸው» አለ ኤርጫፎ። ድምፁ ተሰበረ። «ጥርሴን እኮ ነው ያወለቀው። በሰው መሃል። እንደ ውሻ ጭቃ ውስጥ… አንቺም ነበርሽ። አይተሻል።»

«አይቻለሁ» አለች። «በደለህ። እኔ እመሰክራለሁ፤ ሽማግሌ ፊትም ፖሊስ ፊትም። ግን መሣሪያው በስሜ ነው። የምትገድለው በእኔ ስም ነው። እኔ ታስሬ፣ አንተም ታስረህ፣ ኦይታን ማን ደግፎ ደጅ ያወጣዋል?»

የኤርጫፎ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አፈሙዙ ዝቅ አለ፤ እንደገና ወጣ። ከዚያ መላ አካሉን ወደ ጎን አዞረና፣ ሰው በሌለበት በኩል ወዳለው የቦይ ግድግዳ ሁለቱንም ተኮሰ። አፈር ወደ ላይ ተበተነ። አእዋፍ ከማንጎው ተነሡ። ኤርጫፎ ጠመንጃውን ጣለና የታረሰው አፈር ላይ ቁጭ አለ። እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ተክለሃይማኖት አካፋውን አንሥቶ አንድ ርምጃ ወደፊት ሄደ። አሁን ፍርሃቱ ወደ ንዴት ተገልብጧል።

«አንተም አስቀምጥ!» አለችው ሻሺቱ፣ እጀታውን ይዛ። «ዛሬ የተረፍከው በራስህ እንዳይመስልህ።»

ሰውዬው አያት። ጣቶቹ ቀስ በቀስ ተፈቱ። አካፋው ውሃው ላይ ወደቀ።

ሻሺቱ ወጥታ ጠመንጃውን አነሣች፤ ከወገቡ ሰብራ ባዶ ቀለሆቹን አወጣች። ወደ ቤት አልወሰደችውም። ቀሚሷ ጭቃ እንደነካ ቀጥታ ወደ ቀበሌው ሄደች፤ ከዚያም ከሊቀመንበሩ ጋር ወደ ፖሊስ። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች፤ የኅዳሩንም አልተወችም።

መሣሪያው ተያዘ። ኤርጫፎ ታሰረ፤ ተክለሃይማኖትም ለጠብ መነሻ ሆኗል ተብሎ ቃሉን ሰጠ። ከርከሮዎቹ በዚያ በጋ ስኳር ድንቹን አንድም ሳያስቀሩ ጨረሱት፤ ሻሺቱ እንደገና ጣሳ ስትደበድብ ከረመች። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ኤርጫፎ በዋስ ተፈታ፤ ሽማግሌዎችም የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ተክለሃይማኖት ውሃ መስረቁን በአፉ አመነ፤ የውሃውን ተራ የሚከታተል ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ተመረጠ። ሲጨባበጡ ሁለቱም መሬት መሬት ያዩ ነበር። ታረቁ ለማለት ጊዜ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን በቦዩ ላይ እጅ የሰነዘረ የለም። ኤርጫፎ ሻሺቱን ሲያገኛት ከመንገድ ወርዶ ያሳልፋታል። አንድ ቀን ብቻ ቆም ብሎ «አመሰግናለሁ» አላት፤ አፉን ሳይሸፍን።

የከበዳት ቤቷ ነበር። ኦይታን ታበላዋለች፤ ቁስሉን ታጥብለታለች፤ ከእሱ ጋር ግን ከሥራ ቃል በቀር አትነጋገርም። ጥይቱን ማን እንደሰጠ ታውቃለች። እሱም እንደምታውቅ ያውቃል።

ፖሊስ መሣሪያውን የመለሰላት በሰኔ ነው። በማግሥቱ ማለዳ አዲስ የተተከለው የስኳር ድንች ሐረግ ዳር ተቀመጠች። ፀሐይ ከአባያ ማዶ ብቅ ስትል ከኋላዋ ርምጃ ሰማች፤ የሚጎተት ርምጃ ነው። ኦይታ በዱላ እየተመረኮዘ ብቻውን መጣ። ፈንጠር ብሎ ሊቀመጥ ሲል በእጇ ከኋላዋ እንዲሆን አመለከተችው። ተቀመጠ።

ቁጥቋጦው ዝም ብሏል። ብዙ ጠበቁ።

«አውቄ ነው የሰጠሁት» አለ ኦይታ በመጨረሻ። «ለከርከሮ አለመሆኑ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። እምቢ ልለው አልቻልኩም። ያሳደገኝ ነው። አንቺ መሃል ትገቢያለሽ ብዬ ግን… እሱን አላሰብኩም።»

ሻሺቱ ዓይኗን ከቁጥቋጦው አላነሣችም።

«ሮጬ ስወጣስ ለምን አላቆምከኝም?» አለች።

«ልጠራሽ ነበር። ድምፄ አልወጣም።»

ነገሩን አሰበችው። እውነት ይሁን አይሁን ማወቂያ የላትም። ይቅር አልኩህ ማለት አልሆነላትም፤ ተነሥታ መሄድም አላሰኛትም።

«እግርህን ዘርጋው» አለችው ጥቂት ቆይታ። «ታጥፎ ሲቆይ ያምሃል።»

ኦይታ እግሩን ዘረጋ። ከርከሮዎቹ ያን ቀን አልወጡም። ፀሐይዋ እስክትሞቅ ድረስ ሁለቱም እዚያው ተቀምጠው ቆዩ።